ከቲማቲምማ ቀላል ነው
ላቦራቶሪ ውስጥ አዲስ ሰው ሲገባ፣ ራልስቶኒያን፣ ማለትም ተክል የሚያጠወልገውን ባክቴሪያ፣ ለይቶ ማውጣት የሚለማመደው ብዙ ጊዜ በቲማቲም ነው። ጥሩ ምርጫ ነው። በአጠውልግ የተመታውን ግንድ ከሥሩ ከፍ ብላችሁ ቁረጡትና ንጹህ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አንጠልጥሉት። ብዙም ሳይቆይ ከተቆረጠው ጫፍ ወተት የመሰለ ነጭ ክር ቁልቁል ይወርዳል። ክሩ ባክቴሪያው ራሱ ነው። እኔ እስከ ዛሬ ሳየው አይሰለቸኝም። ከዚያ ከውኃው ትንሽ ጨልፎ ሳህን ላይ በረጋው የባክቴሪያ ማብቀያ፣ አጋር በሚባለው፣ ላይ ማስመር ነው።

ድንች ላይ ግን ጣጣው ይበዛል። ባክቴሪያው የሚገኘው ከልጣጩ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ውኃ የሚያመላልሱት ቱቦዎች በሠሩት ቀለበት ውስጥ ነው። ችግሩ ድንቹን የሚያበሰብሱ ሌሎች ባክቴሪያዎችም ተከትለውት ይገባሉ። ራልስቶኒያ በ28 ዲግሪ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል፤ እነሱ በማግስቱ ሳህኑን ይሞሉታል። ስለዚህ ከበሰበሰው መሃል አልነካም። ገና ቡኒ መሆን ከጀመረው ጠርዝ እቆርጥና አንቲባዮቲክ ያለበት ማብቀያ (ሚዲያ) ላይ አደርገዋለሁ።

የሚያናድደኝ ጤነኛ የሚመስለው ተክል ነው። ይሄ ባክቴሪያ ከ200 በላይ የተክል ዝርያዎች ውስጥ ይገባል፤ አንዳንዶቹ ተሸክመውት ምንም አይሆኑም። አውሮፓ ውስጥ ወንዝ ዳር የሚበቅል አንድ የድንች ዘመድ አረም አለ። ባክቴሪያው ብርዱን ሥሩ ውስጥ ተደብቆ ያሳልፍና በመስኖ ውኃ ድንች ማሳ ይገባል። አረሙ ግን ለምለም ነው! እንዲህ ያለውን ቅጠሉን አይቶ ማለፍ አይቻልም፤ ሥሩንና የግንዱን ታች መፍጨት ግድ ነው።

ሳህኑ ላይ ሲበቅል ደግሞ ዓይን ያታልላል። ተመራማሪው ኬልማን በ1954 ያስተዋወቀው፣ ቴትራዞሊየም የሚባል ቀለም የሚሰጥ ኬሚካል ያለበት ሚዲያ ላይ፣ በሽታ የሚያመጣው ኮሎኒ (የባክቴሪያው ክምር) ነጭ፣ ዝልግልግ፣ ቅርጹ ያልተስተካከለ፣ መሃሉ ሮዝ ነው። ትንሹ፣ ክቡ፣ ደማቅ ቀዩ አቅሙን ያጣው ነው። ጀማሪ ሁሉ እጁ የሚሄደው ወደ ቀዩ ነው፤ ያምራላ።

ነጩን ይዛችሁ ወደ ተክል መልሱት። መጀመሪያ ወደ ወጣበት፣ ቀጥሎ ወደ ሌሎቹ። ከድንች የወጣው ቲማቲምን ያጠወልጋል። ከቲማቲም የወጣው ግን ሙዝ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አቅም የለውም። ያጠወለገውን ከታመመው ተክል እንደገና አውጡና ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩት፤ ያኔ ነው ያዝነው የሚባለው።

ለማስቀመጥ ንጹህ የተጣራ ውኃ በቂ ነው፣ በክፍል ሙቀት ዓመታት ይቆያል። ፍሪጅ አይስማማውም።