«ማኅተሙን አታመጣም?»

መዝገብ ቤት ስሠራ እንቅልፍ የነሳኝ ጥፋት አንድ ስልክ ነው። ማኅተም ወስዶ የጠፋ ጓደኛዬ ጋ የደወልኩ መስሎኝ፣ ስልኩ ከመነሳቱ «አንተ ዝርክርክ፣ ማኅተሙን አታመጣም?» አልኩ። ትንሽ ዝም ተባለ። «ተሳስተህ ነው የደወልከው» አሉኝ፣ ዋና ኃላፊው።

ሮጬ ሄጄ በራቸው ላይ ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኩ። «ምንም አይደል» አሉ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ። ቀና አለማለታቸው ሌሊቱን ሲያገላብጠኝ አደረ። በማግስቱ ደረጃው ላይ ጠበቅኳቸው፤ «አልኩህ እኮ!» ብለው አለፉኝ። በሦስተኛው ቀን የይቅርታ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ቀንና ቁጥር ሳይቀር ሰጥቼው።

በደርግ ጊዜ ሞስኮ የተማሩ አንድ ጋሼ አብረውን ይሠሩ ነበር። ማመልከቻውን አዩና «ቼርቪያኮቭን ሆነህ አረፍከው!» ብለው ሳቁብኝ።

ሻይ ላይ ተረኩልኝ። ሩሲያዊው ደራሲ አንቶን ቼኾቭ እ.ኤ.አ. በ1883፣ ገና የሕክምና ተማሪ ሳለ የጻፈው አጭር ልብ ወለድ ነው። ቼርቪያኮቭ የሚባል ተራ ጸሐፊ (ስሙ በሩሲያኛ ትል ከሚለው ቃል የመጣ ነው) ቲያትር ቤት ውስጥ ያነጥሰውና ፊት ለፊቱ የተቀመጠ ጄኔራል መላጣ ላይ ይረጫል። ይቅርታ ይጠይቃል፤ ጄኔራሉም ምንም አይደል ይለዋል። በእረፍት ሰዓት ደግሞ ይጠይቃል። በማግስቱ ቢሮው ድረስ ይሄዳል። እንደገና ይመለሳል። በመጨረሻ ጄኔራሉ መሬቱን በእግሩ እየመታ «ውጣ!» ብሎ ይጮህበታል።

ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

«ከዚያስ?»

«ቤቱ ገባ፤ የደንብ ልብሱን ሳያወልቅ ሶፋ ላይ ጋደም አለና ሞተ።»

«ሞተ? በምን?»

«ሞተ ነው የሚለው። አለቀ።»

ተናደድኩ። ሰውን ለሳቅ ጠርቶ ሬሳ ማውጣት ምን የሚሉት ነው? ቢያንስ ይታመም፣ ሚስቱ ታልቅስለት! ጋሼ ግን ሻያቸውን ፉት እያሉ «ርዕሱ ላይ ጽፎታል እኮ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ሞት ነው የሚለው» አሉኝ።

ማታ ጋደም ብዬ (ልብሴን ቀይሬ ነው፣ ፈርቼ) ነገሩን አብሰለሰልኩት። ጄኔራሉ ገና ቲያትር ቤቱ ውስጥ ይቅር ብሎታል። ገዳይ ብፈልግ አጣሁ።

ማመልከቻው መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ሳምንት ሳይሞላ ኃላፊው ኮሪደር ላይ አስቆሙኝ። ጉልበቴ ከዳኝ።

«ማኅተሙ ተገኘ?»

«ተገኝቷል» አልኩ። ምላሴ ላይ የደረሰችውን ሌላ ቃል ከምራቄ ጋር ዋጥኳት።