የናፒየር ሐውልት እና የዊንዘሩ ልጅ

ለንደን ውስጥ ኬንሲንግተን የሚባል ሰፈር አለ። እዚያ፣ ኩዊንስ ጌት በሚባለው ሰፊ ጎዳና ጫፍ ላይ፣ ፈረስ ላይ የተቀመጠ የነሐስ ሰውዬ ቆሟል። መኪናው በግራና በቀኙ ይተማል። ከሥሩ ድንጋዩ ላይ ስሙ ተቀርጿል፤ ከስሙ ጋር ደግሞ «መቅደላ» ይላል። ፊልድ ማርሻል ሮበርት ናፒየር፣ የመቅደላው ሎርድ።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። እንጀራዬ መንገድ ሥራ ነው። ለንደን የሄድኩት ለአጭር ሥልጠና ሲሆን፣ ትርፍ ጊዜዬን በሙሉ የሰጠሁት ለዚህ ሰውዬ ነው። ጓደኞቼ ገበያ ሲወጡ አንዱ «ወራሪ ፍለጋ ይኬዳል እንዴ?» አለኝ። ይኬዳል። መቅደላ ላይ የወጣብን ሰው ማን እንደነበር ካላወቅን የተወሰደብንን በቅጡ መጠየቅ አንችልም።

ከሐውልቱ እስከ ኤምባሲያችን በእግር ብዙ አያስኬድም። ፓስፖርት ሊያሳድስ የመጣ ስንቱ ሐበሻ በዚህ በኩል እንዳለፈ እግዜር ይወቀው። ሐውልቱ መጀመሪያ ዋተርሉ ፕሌስ የሚባል ቦታ ነበር የቆመው። ወደ ኩዊንስ ጌት የመጣው በ1921 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እየጻፍኩ ነው)። በ2004 ደግሞ አንዲት የሥነ ጥበብ ተማሪ ፈረሱንም ሰውየውንም ከአናት እስከ እግር በቀይ ፕላስተር ጠቅልላቸው ነበር። ያንን ባየሁት! እኔ የደረስኩ ቀን ዝናቡ ይወርዳል፣ ሰው ጃንጥላውን ይዞ ይሮጣል፣ ቀና ብሎ የሚያየው የለም። ውሻ ይዘው የቆሙ አንድ አዛውንት «ማን ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው ትከሻቸውን ነቀነቁ። በየቀኑ በዚህ እንደሚያልፉ ግን ነገሩኝ።

ስለ ማደሪያዬ ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ፓዲንግተን አካባቢ ያለ ሆቴል ነው፤ ለአንድ ሌሊት 110 ፓውንድ። መስኮቱ አይገጥምም። ማሞቂያው ሙቀት አይሰጥም፣ ሌሊቱን ሙሉ ግን ሲንኳኳ ያድራል። ተጨማሪ ብርድ ልብስ ብጠይቅ ነገ አሉኝ። በመጨረሻው ቀን ሻንጣዬን እስከ ከሰዓት ላቆየው ብል ሌላ 10 ፓውንድ! እናቴ ቤት እንግዳ ከመጣ ባለቤቶቹ መደብ ላይ እንተኛለን እንጂ እንግዳ አይበርደውም። እዚያ ግን ከፍለህም ትንቀጠቀጣለህ። ይህ ነገር እስካሁን አልተዋጠልኝም።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስለ ሰውየው ሳነብ አደርኩ። ናፒየር የተወለደው በ1810 ኮሎምቦ ውስጥ ነው፣ የዛሬዋ ስሪላንካ። ዓመት ሳይሞላው አባቱ ጃቫ ደሴት ላይ ኮርኔሊስ የሚባል ምሽግ ሲሰበር ቆሰለ፤ በዚያው ቁስል ሞተ። ለልጁም ኮርኔሊስ የሚለውን ስም ሰጡት። ሲጀምር የምሽግ ስም፣ ሲጨርስ የአምባ ስም።

ደግሞ መሐንዲስ ነበር! ይህን ሳነብ ከአልጋዬ ቀና አልኩ። በ1828 ህንድ ገብቶ ቦይ ሲያስቆፍር፣ መንገድ ሲቀይስ፣ ሰፈር ሲያቅድ ነው ያደገው። ሻይዋ የታወቀው የዳርጂሊንግ ከተማ ስትቆረቆር ፕላኑን ካወጡት አንዱ እሱ ነው። ከሲኮች ጋር በተደረገው ጦርነት ቆሰለ። ላክናው ላይ በድጋሚ ቆሰለ። በ1860 ቻይና ዘመተ። የኛ አገር ጉዳይ ሲመጣ የቦምቤይ ጦር አዛዥ ነበር።

የኛን ዘመቻም የመራው እንደ መንገድ ሥራ ነው። ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ መርከብ ማራገፊያ አሠራ። የባሕር ውሃ እያጣራ ወታደሩን አጠጣ። ከባሕሩ እስከ ተራራው ግርጌ ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሐዲድ አነጠፈ። ከህንድ 44 ዝሆን አስመጣ። ለገበሬው እህልና ገለባ በማርትሬዛ ብር እየከፈለ፣ 13,000 የሚሆን ወታደር ይዞ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ዘለቀ።

በዚያው ወራት አጼ ቴዎድሮስም መንገድ እየሠሩ ነበር። ከደብረ ታቦር ተነስተው፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እየጎተቱ ወደ መቅደላ ያመራሉ። ድንጋዩን ራሳቸውም እየፈነቀሉ ነበር። ጅጣንና በሽሎን ላላያችሁ፦ መሬቱ ድንገት ተከፍቶ ወደታች የሚወርድ ገደል ነው። እኔ በዚያ አገር በዶዘርና በኤክስካቫተር ሠርቻለሁ። ዛሬም አንድ ክረምት የሠራነውን ጠርጎ ይሄዳል። እሳቸው በዶማና በባሩድ፣ ግማሹ አገር ሸፍቶባቸው፣ ያንን መድፍ ይዘው ወረዱ፤ ወጡም።

ከሁሉ የከነከነኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ የእንግሊዝ ጦር የጅጣን ገደል የወረደው ቴዎድሮስ ባሠሩት መንገድ ነበር። መሐንዲሱ ናፒየር ያንን መንገድ ሲያይ ምን ያህል ሥራ እንደሆነ ሳይገባው አይቀርም። ሁለት መንገድ ሠሪዎች፣ አንድ አምባ።

የቀረውን ሁላችንም ተምረነዋል። አሮጌ ላይ ከኛ ወገን ወደ 700 ሰው ወደቀ፤ ከነሱ የሞተው ሁለት ነው። የፋሲካ ማግስት፣ በእኛ ሚያዝያ 6 ቀን 1860፣ አምባው ተሰበረ፤ ንጉሡም እጅ አልሰጡም።

በማግስቱ ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ሄድኩ። መግቢያው ከ20 ፓውንድ በላይ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን ይህን መክፈል ለእኔ ዓይነቱ ሰው ከባድ ነገር ነው። ናፒየር በጥር 1890 ሲሞት የተቀበረው እዚህ ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ ኔልሰንና ዌሊንግተን በትልልቅ መቃብር ተንሰራፍተዋል፤ ሰው ሁሉ እነሱን ነው የሚያየው። ስዟዟር ያዩኝ አንዲት ነጭ ፀጉር አስተናጋጅ ማንን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሥራቸውን ለጓደኛቸው አደራ ብለው፣ ክንዴን ያዝ አድርገው ራሳቸው ወሰዱኝ። ከየት እንደመጣሁ ሲያውቁ ደግሞ ወንበር ስበው አዳመጡኝ። የቴዎድሮስን ልጅ፣ የልዑል አለማየሁን ስም በወረቀት ጻፉት፤ አጻጻፉን ሁለቴ አስደገሙኝ። የለንደን ብርድ ያኔ ነው የለቀቀኝ።

ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ለመግባት አይከፈልም። የመቅደላው የወርቅ አክሊል መስታወት ውስጥ አለ። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን፣ 1740 አካባቢ የተሠራ ነው። ጠጋ ብዬ አየሁት። ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ይወጣል። ሐዋርያቱ በወርቁ ላይ ተቀርጸዋል፤ ክር የመሰለው የወርቅ ሽቦ እየተጠማዘዘ ይዞራል፤ መሐል መሐሉ ላይ ባለቀለም ፈርጦች አሉ። አንድ አንጥረኛ ዓይኑ እስኪደክም የሠራው ለታቦት ነው፣ ለቱሪስት አይደለም። ያን ጊዜ ከመቅደላ የወጣው ዕቃ 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ አስጭኗል። ደላንታ ሜዳ ላይ ጨረታ ወጣበት። ለመንገድ ውሃውን ሳይቀር የቆጠረ አዛዥ ይህን ማስቆም አቅቶት ነው ብሎ የሚነግረኝ ሰው ካለ አልሰማውም። አሥራ አንድ ታቦት አሁንም ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ተቆልፎበታል። ይመለስ። ሌላ የምለው የለኝም።

ከዚያ በኋላ ናፒየር ሎርድ ተባለ፤ የህንድ ጦር የበላይ አዛዥ ሆነ፤ ጅብራልታርን ገዛ፤ በ1883 ፊልድ ማርሻል ሆነ። ሹመቱ ብዙ ነው።

ወደ ዊንዘር በባቡር ሄድኩ፤ ስላው ላይ መቀየር አለ። የዊንዘር ቤተ መንግሥት መግቢያ ከ30 ፓውንድ ይበልጣል። በሰባት ዓመቱ የተወሰደው አለማየሁ እዚያ ነው ያለው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከመቅደላ ሲወርዱ በመንገድ አረፉ። እሱም በ1879፣ በ18 ዓመቱ፣ ሊድስ ከተማ ውስጥ ሞተ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ውስጥ የመታሰቢያ ሰሌዳ አለው። «እንግዳ ሆኜ ተቀበላችሁኝ» የሚለው የወንጌል ቃል ተጽፎበታል። ደሜ ፈላ። ቆሜ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። ዘበኛው ወደፊት ቀጥሉ እያለ ሰው ሲያንቀሳቅስ እኔን ዝም አለኝ፤ አመሰግነዋለሁ። በ2023 ቤተሰቦቹ አጽሙ ይመለስ ብለው ሲጠይቁ፣ ባኪንግሃም ቤተ መንግሥት የሌሎችን አጽም ሳይነካ ማውጣት አይቻልም ብሎ ነበር የመለሰው።

ለምትሄዱ፦ ሐውልቱና አክሊሉ በነጻ ናቸው። የዊንዘሩ ጸሎት ቤት እሑድ ለጎብኚ ዝግ ነው፤ በሥራ ቀን ሂዱ። ኪሳችሁ ለአንድ መቃብር ብቻ ከበቃ፣ የጄኔራሉን ተዉትና ወደ ልጁ ሂዱ።