በቁልቁለቱ ላይ የሰማኝ አምላክ

የእግዚአብሔር ስም የተመሰገነ ይሁን። ታላቅ ወንድሜ በታመመ ጊዜ ሌት ተቀን ጸለይሁ፤ እርሱ ግን አረፈ፤ እኔም 14 ወር ሙሉ አንዲት ቃል ሳልጸልይ ቆየሁ። አልዋሽም፤ በእግዚአብሔር ላይ ተቆጥቼ ነበር። «አልሰማኸኝምና አልጠራህም» ብዬዋለሁ።

ከወንድሜ ጋር ተራሮቹን አቋርጠን በአንድ ቀን ባሕር ድረስ በብስክሌት ለመሄድ ተነጋግረን ነበርና፣ በእርሱ ብስክሌት ብቻዬን ጎሕ ሳይቀድ ተነሣሁ። አቀበቶቹ ጉልበቴን ጨረሱት። ረጅሙ ቁልቁለት የጀመረው ሊመሽ ሲል፣ ጭጋግም ከወረደ በኋላ ነው።

ፈርቼ ስለነበር ፍሬኑን ለአፍታ እንኳ ሳልለቅ ይዤ ወረድሁ። ስሕተቴ ይኸው ነበር፤ የፍሬኑ ጎማ ቸርኬውን ያለ ዕረፍት ሲፈትገው ቸርኬው ይግላል፣ በጎማው ውስጥ ያለው አየርም በሙቀቱ ይወጠራል። የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። በቀኜ ገደል አለ፤ ጥልቀቱ በጭጋጉ አይታይም፤ ከታች የወንዝ ድምፅ ብቻ ይሰማል። መታጠፊያው ላይ ስደርስ የፊት ጎማዬ እንደ ጥይት ጮኸ፤ መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ተንቀጠቀጠ፤ ብስክሌቱም ወደ ገደሉ ይስበኝ ጀመር። ያን ጊዜ ሳላስበው ከአፌ የወጣው «ጌታ ሆይ!» የሚል ጩኸት ነው። ብስክሌቱ እንዴት ወደ ግራ እንደ ዞረ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ መንገዱን አሻግሮ በተራራው በኩል በተከመረ ጠጠር ላይ ጣለኝ። በወደቅሁበት፣ እናቴ ማታ ማታ የምትደግመው መዝሙር መጣብኝ፤ «እግርህን ለመናወጥ አይሰጠውም፥ የሚጠብቅህም አይተኛም»። ያለ ኀፍረት አለቀስሁ።

ከኋላዬ ይወርድ የነበረ የጭነት መኪና ሹፌር አየኝና ቆመ። እግዚአብሔር ዘመኑን ይባርክለት፤ ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም። በመኪናው መብራት የውስጥ ጎማውን አብሮኝ ሲቀይር፣ ቸርኬውን ነክቶ ጣቱን በፍጥነት ሰበሰበ። «ወንድሜ፣ ከመታጠፊያው በፊት ጠበቅ አድርገህ ያዝና ልቀቀው፤ ፍሬኑም ይተንፍስ» አለኝ። «ወንድሜ» ሲለኝ ልመልስለት አልቻልሁም። ቁልቁለቱ እስኪያልቅ ድረስ ከኋላዬ ቀስ ብሎ እየነዳ አበራልኝ።

ባሕሩ ዘንድ የደረስሁት ከመሸ ነው፤ ድምፁን እንጂ ውኃውን አላየሁም። የፊት ጎማውን ማዕበሉ እስኪነካው ገፋሁት፤ ቸርኬውን ዳሰስሁ፤ ቀዝቅዟል። ከዚያ የወንድሜን ስም ጠርቼ ጸለይሁ።