ኤላት ወፍ ለማየት ስንሄድ ማንም ያልነገረን

በእስራኤል ደቡብ ጫፍ፣ ዮርዳኖስ ድንበር ላይ ስላለችው ስለ ኤላት ከተማ ወፎች ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤ ነው የሄድኩት። የትኛው ወፍ በየትኛው ወር፣ የትኛው ኩሬ ላይ፣ ምን ዓይነት ባይኖኩላር። ስለ ድንበሩ ግን አንድም መስመር አላገኘሁም። እሱን እኔ ልጻፈው።

የጉዞው ጠንሳሽ እናቴ ናት። በልጅነቷ ጎንደር ውስጥ የሽመላ መንጋ በሰማይ ሲያልፍ የመንደሩ ልጆች ተሯሩጠው ይወጡና ኢየሩሳሌም ደህና ናት ወይ እያሉ ይጠይቁት ነበር። በቤተ እስራኤል መንደር ያደገ ሰው ያውቀዋል። እዚህ እስራኤል ከገባች በኋላ ግን ሰማይ ለማየት ፋታ አልነበራትም። የፅዳት ሥራ፣ ልጆች፣ እንደገና ሥራ። ጡረታ ስትወጣ ነው «እስቲ እነዚያ ሽመሎች የሚያልፉበትን አሳየኝ» ያለችኝ።

ካርታውን ያየ ሰው ለምን ኤላት እንደሆነ ይገባዋል። በጸደይ ከአፍሪካ የሚመለስ ወፍ መጀመሪያ ሰሐራን፣ ቀጥሎ ሲናን ያቋርጣል። ደክሞትና ከስቶ ቀይ ባሕር ጫፍ ላይ ሲደርስ ውሃና ቅጠል ያገኛል። በእስራኤል ሰማይ በዓመት ሁለት ጊዜ 500 ሚሊዮን የሚገመቱ ወፎች ያልፋሉ። ነጩ ሽመላ ብቻውን ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ነው። ሽመላና ንስር ክንፋቸውን ዘርግተው የሚንሳፈፉት ከምድር በሚነሳ ሞቃት አየር ነው። ባሕር ላይ እሱ የለም። ስለዚህ በየብስ ይዞራሉ፤ ኤላት መንገዳቸው ላይ ናት።

ዝግጅቱ ቀላል ነበር። ባይኖኩላር ተዋስኩ። ከቤርሼቫ አውቶቡስ ያዝን። ኮፍያ፣ ውሃ፣ ዳቦ ቆሎ።

የመጀመሪያው ጠዋት አሪፍ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ የቀድሞ ቆሻሻ መጣያ ላይ የተሠራ የወፎች ማዕከል አለ። በንጋት መረብ ዘርግተው ትንንሾቹን ወፎች ይይዛሉ፣ እግራቸው ላይ ቀለበት አስረው ይለቃሉ። ባለሙያዋ አንዷን ወፍ አንገቷን በሁለት ጣት መሃል ይዛ የሆዷን ላባ በትንፋሿ እፍ አለችው። ስስ ቆዳው ሥር ቢጫ ስብ ይታያል። ስቡ ካለቀ በረሃውን አሁን ነው የተሻገረችው ማለት ነው። እናቴ «እግሯን አያማትም?» እያለች ስትጨነቅ አረፈደች።

ከዚያ ወደ ጨው ኩሬዎቹ ሄድን።

ቦታው ፍላሚንጎዎች የሚቆሙበት ነው። ወደ ምሥራቅ አጥሩ፣ ከአጥሩ ማዶ ዮርዳኖስ፣ የአቃባ ሕንፃዎች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ገና ባይኖኩላሩን ለእናቴ ሳስተካክልላት ጂፕ መጣና አጠገባችን ቆመ። የወረደው ወታደር ልጅ ነው፣ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው።

«ምን እያያችሁ ነው?»

«ወፍ።»

«ምን ወፍ?»

ይህን ጥያቄ ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ ደስ ብሎኝ አስረዳው ነበር። «መታወቂያ» አለ፤ ሰጠነው። ሁለቱንም ይዞ ወደ ጂፑ ተመለሰና በሬዲዮ ማስመዝገብ ጀመረ። የእናቴን ስም ፊደል በፊደል ሲጠራ ደጋግሞ ተሳሳተ። ላርመው ስጠጋ በእጁ ምልክት ከለከለኝ።

የሚያናድደው እሱ አይደለም። ድንበር ነው፣ ይጠየቃል፣ እሺ። ግን ከእኛ ሃምሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ሁለት አውሮፓውያን ቆመዋል። ቴሌስኮፓቸው ሦስት እግር ላይ ተተክሎ ቀጥ ብሎ ወደ አቃባ ያያል። የእኛ መነጽር ከእነሱ ጋር ሲተያይ የልጅ መጫወቻ ነው። ልጁ ዞር ብሎም አላያቸው! ሁላችሁም ምክንያቱን ስለምታውቁት አላብራራም።

እዚያ ቆመን ስንጠብቅ ፀሐይዋ ከረረች። ሽመሎቹም የመጡት ያኔ ነው። ከማዶ፣ ከተራራው ግርጌ፣ እየዞሩ ወደ ላይ ይወጣሉ። እናቴ ባይኖኩላሩን አነሳች። «አውርጂው» አላት፣ «እስኪጣራ ድረስ»። አወረደችው። በባዶ ዓይን ነጠብጣብ ብቻ ነበሩ። እሷም በአማርኛና በዕብራይስጥ እየቀላቀለች፣ «ልጄ፣ ድንበሩን አይደለም የማየው። ድንበር ሱዳንን ስሻገር ጠግቤዋለሁ» አለችው። የገባው አይመስለኝም። መታወቂያውን መልሶ «መልካም ቀን» ሲለን መንጋው ወደ ሰሜን አልፎ ነበር።

አንደኛው አውሮፓዊ በእጁ ጠቅ የሚደረግ መቁጠሪያ ይዞ ነበር። ስንት ሆኑ ብዬ ጠየቅኩት፤ አሳየኝ። ሺህ አልፏል።

አቤቱታ ጻፍኩ። ለመጻፊያ ያጠፋሁት ጊዜ ይቆጨኛል። «የተለመደ የደህንነት አሠራር ነው» የሚል መልስ መጣ። ታዲያ ለእነዚያ ሁለቱ ለምን አልተለመደም? ለዚህ መልስ የለም።

እንግዲህ እኔ የምመክረው ይህ ነው። መታወቂያ ብቻውን አያድንም። ጠዋት ወፍ ማዕከሉ ጎራ በሉ፣ ካርታ ውሰዱ፣ ዛሬ እዚህ ኩሬ ላይ ነን ብላችሁ ተናገሩ። ከተቻለ ከሚመሩት ቡድን ጋር ሂዱ። ይህን ማለት ራሱ ያመኛል፤ በገዛ አገሬ ወፍ ለማየት አጃቢ ፈልጉ እያልኩ ነውና።

መመሪያዎቹ ሁሉ «በንጋት ውጡ» ይላሉ። ለትንንሾቹ ልክ ነው። ለሽመላና ለንስር ግን ከሆነ ቁርሳችሁን በደንብ ብሉ። ምድሩ ሳይሞቅ አይነሱም። ከኤላት በስተ ምዕራብ ያለው ዮአሽ ተራራ ላይ ውጡ የሚለውንም በጭፍን አትቀበሉት፤ ነፋሱ ከምዕራብ ከሆነ ወደ ሸለቆው ስለሚገፋቸው እናንተ ተራራ ላይ ባዶ ሰማይ ታያላችሁ። እኛ በማግስቱ ከመንገድ 90 ዳር፣ ከቴምር እርሻዎቹ አጠገብ፣ ማንም ሳይጠይቀን ሽመላ ጠገብን።

ጊዜውንም ለዩ። የስቴፕ ንስር ከየካቲት መጨረሻ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ነው፤ በፈረንጅ ማለቴ ነው። ሽመላ መጋቢትና ሚያዝያ። «በጸደይ ኑ» ብሎ መጥራት ብቻ ሰውን ማድከም ነው። ብርቅ ነገር ለሚፈልግ ደግሞ ሰሜኑ የባሕር ዳርቻ ከሆቴሎቹ ፊት ለፊት አለ። ዓይኑ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ያለው፣ ራሱ ጥቁር የሆነ የባሕር ወፍ እዚያ ያርፋል። ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ውጭ እሱን ማግኘት ጭንቅ ነው። ዳቦ ቆሏችሁን ግን ከቁራዎቹ ጠብቁ። ከሕንድ በመርከብ የመጡ ናቸው፣ ዓይን አውጣ ናቸው።

በመጸው ለስቴፕ ንስር ብላችሁ ኤላት አትድከሙ። ያኔ ብዙዎቹ በዚህ አያልፉም፤ በዓረብ ምድር ወርደው በባብ ኤል መንደብ ወደ ጅቡቲ ይሻገራሉ። ከዚያ ኢትዮጵያ ይገባሉ። ለእናቴ ይህን ስነግራት፣ «ጅቡቲስ ድንበሩ ላይ ጠያቂ የለም?» አለችኝ።