ከመሮ ጋር የዋለ ቀን

ዛሬ ከመሮና ከመዶሻ ጋር ዋልኩ። ለእማዬ የዋንዛ በርጩማ እየሠራሁላት ነው፤ አራት እግር፣ አግዳሚዎቹ የሚገቡበት ስምንት ቀዳዳ።

የመጀመሪያውን ከአንድ ወገን ብቻ ስመታው የወዲያኛው ፊት ተፈንቅሎ ወጣ። አንጀቴ እርር አለ! ዋንዛ እንደ ዋዛ የሚገኝ እንጨት አይደለም። ያ እግር ተጣለ።

ከዚያ ረጋ አልኩ። መሮውን በደንብ ሳልኩት። ሁለቱንም ፊት በስኳድራ (በማዕዘን መለኪያ) አሰመርኩ። ከመሃል ጀምሬ እስከ ግማሽ ቆፈርኩና እንጨቱን ገልብጬ ከሌላው ወገን ተቀበልኩት። መስመሩ ጋ 2 ሚሊሜትር ተውኩለት። እሷን መጨረሻ ላይ፣ የመሮውን ጠፍጣፋ ጀርባ ወደ መስመሩ አዙሬ፣ በስሱ ላጥኳት። የተሳለ መሮ ድምፁ ራሱ ሌላ ነው!

ማታ አግዳሚውን ሞከርኩት። በእጄ ገፋ ሳደርገው ገባ፣ በመዶሻ ነካ ሳደርገው ጥብቅ አለ። ገና ኮላ እንኳ አልነካውም።

ሰባት ቀዳዳ ይቀረኛል።