ፕሮፌሰሩን ሁለቴ ያስደገመችው ጓደኛዬ

ዛሬ እዚሁ ባህር ዳር፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ኢንስቲትዩት ባዘጋጀው የማኅበረሰብ ውይይት ላይ ዋልኩ። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ጓደኛዬ አወያይ ስለሆነች ነው። ፓወርፖይንት፣ ሻይ፣ አበል፣ ቻው ነበር የጠበቅኩት።

ስገባ ወንበሮቹ ክብ ሠርተዋል። አሳ አጥማጆች፣ ከፎገራ የመጡ ባህር ሸሽ (ሐይቁ ሲሸሽ የሚተወውን መሬት) የሚያርሱ ገበሬዎችና ተመራማሪዎች ተደባልቀው ተቀምጠዋል። ርዕሱ፣ በክረምት አሳው እንቁላል ሊጥል ከጣና ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ሲወጣ መግቢያቸው ላይ መረብ መጣል ይቁም ወይስ አይቁም የሚል ነው። ፕሮፌሰሩ ጀመሩ፤ ከእነዚህ ዝርያዎች ብዙዎቹ ከጣና ውጪ የትም የሉም፣ ካለቁ አለቁ አሉ። አንድ አጥማጅ አባት ግን አላስጨረሷቸውም።

«ልጄ፣ አሳው የት እንደሚሰበሰብ ያሳየናችሁ እኛው ነን። መጠይቅ አስሞልታችሁ ሄዳችሁ፣ ውጤቱን ግን የነገረን የለም። እሺ፣ መረቤን ልስቀል፤ እስከዚያ ልጆቼ ምን ይብሉ?»

ጭጭ! እኔ ብሆን ቶሎ ብዬ ነገሩን አለሳልሰው ነበር። ጓደኛዬ ግን ወደ ፕሮፌሰሩ ዞራ «መልስ ከመስጠትዎ በፊት አባባ ያሉትን በራስዎ አነጋገር ይድገሙልን» አለቻቸው። ደገሙ፣ የልጆቹን ነገር ግን ዘለሉት። እንደገና አስደገመቻቸው! ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፣ እሳቸውም ሳቁ (ይሄን አደንቅላቸዋለሁ)። ወሬው የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሐይቁን ስለወረረው እምቦጭ አረም፣ መረቡን ስለሚቀዳድዱት ሌቦች፣ ስለ አሳ ዋጋ፣ ሁሉም ወጣ።

አልተስማሙም። ቀጣዩ ውይይት ሐይቁ ዳር፣ አጥማጆቹ ቀበሌ ይሁን ተባለ። አበል ይኑር አይኑር ገና እየተከራከሩ ነው።