ወፍራምና ለስላሳ የቤዝ ጊታር ድምፅ፦ ደሴ ላይ እንዴት እንዳገኘሁትና ማን እንዳስቸገረኝ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ቤዝ ጊታር ለሚጀምር ወጣት የሚሰጠው ምክር አንድ ዓይነት ነው፤ «ድምፁ እንዲወፍርልህ ቤዙን ጨምር፣ ካልበቃህም ትልቅ ስፒከር ተከራይ» ይሉታል። ይህ ምክር ስህተት ነው ብዬ በሙሉ ልብ እናገራለሁ። ወፍራም ድምፅ የሚገኘው የሚያደፈርሰውን ነገር አንድ በአንድ በማስወገድ ነው፤ ከሚያደፈርሱት ሁሉ የከፋው ደግሞ ያለው በአዳራሹ የኤሌክትሪክ መስመር ውስጥ ነው። ይህንን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላው ስመላለስ ያጠፋሁትን ጊዜ በልምምድ አሳልፈው ነበር።

ባንዳችን በብዛት የሚሠራው ሠርግ ነው፤ የወሎ ሠርግ ደግሞ ያለ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ አይደምቅም። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ ስላለው በመካከል ሰፊ ቦታ አለ፤ ቤዝ ተጫዋቹ ያንን ቦታ በኖታ ብዛት ልሙላው ካለ ዘፈኑን ያፍነዋል። በዝግታ በሚሄድ ትዝታ ላይ የቤዝ ሥራ አንዱን ድምፅ መትቶ ዘፋኟ ስንኟን እስክትጨርስ ከሥር ሆኖ መያዝ ነው። ረጅም ጊዜ የተያዘ ድምፅ ግን ጉድለቱን መደበቂያ የለውም።

ከጊታሩ በኩል ያለው ሥራ ቀላል ነው። ክብ ሽቦ የተጠመጠመበትን የተለመደ ክር አውጥቼ ላዩ ለስላሳ የሆነውን ፍላትዋውንድ አስገባሁ፤ ደሴ ሱቆች ውስጥ ስላላገኘሁት ከአዲስ አበባ በሰው አስመጣሁት። ብሪጁ (ክሮቹ በጊታሩ አካል ላይ የሚያርፉበት ብረት) አጠገብ ከክሮቹ ሥር ቀጭን ስፖንጅ ሰካሁ፣ የቶን መቆጣጠሪያውን ከግማሽ በታች አወረድኩ፣ ቀኝ እጄንም ከብሪጁ አርቄ ወደ አንገቱ አስጠጋሁ፤ ክር ወደ መሐሉ በቀረበ ቦታ ሲመታ መሠረታዊው ድምፅ ይጎላል፣ ቀጫጭኖቹ ይቀንሳሉ። ሞታውን በተባለው የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚ ዘፈኖች ላይ የተጫወተው ጄምስ ጄመርሰንም ፕሪሲዥን በተባለው የቤዝ ጊታር ዓይነት፣ በፍላትዋውንድ ክርና በስፖንጅ፣ በአንድ አመልካች ጣት ብቻ እየመታ ነው ያንን ድምፅ ያወጣው። ክር አምራቾች «በየጊዜው ቀይሩ» ይላሉ፤ እኔ ግን ፍላትዋውንድ እስካልተበጠሰና ቅኝቱን እስከያዘ ድረስ አትንኩት እላለሁ፤ ሲያረጅ ነው የሚጣፍጠው።

ስለ ኢኳላይዘርም (የወፍራሙንና የቀጭኑን ድምፅ መጠን ለየብቻ ስለሚያስተካክለው ዕቃ) አጠር አድርጌ ልናገር። ወፍራሙ የኢ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የኤ ክር 55፣ የዲ ክር 73፣ የጂ ክር 98 ጊዜ፤ ይህ በሰከንድ የሚቆጠር ርግብግቢት ኸርዝ ይባላል። እኛ ጋ የሚከራዩት አብዛኞቹ ስፒከሮች 41 ኸርዝን በአግባቡ አያወጡም፤ አድማጩ ኢን የሚለየው በዋናነት በእጥፉ፣ ማለትም በ82 ኸርዝ ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን የታች ድምፅ መጨመር አምፕሊፋየሩን ከማድከም በቀር ፋይዳ የለውም። እኔ ከ80 እስከ 100 ባለው ላይ ጥቂት እጨምራለሁ፣ 250 አካባቢ ያለውን እቀንሳለሁ፣ 700ን አልነካም። በሐረጎ ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ለመጫወት ስንሄድ ደግሞ የአካባቢው ሙቀት ክሩን ስለሚያላላው ቅኝቱ ይወርዳል፤ ጊታሩ ከሽፋኑ ወጥቶ አየሩን ከለመደ በኋላ ነው መቃኘት ያለበት።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ነው ስሙን ወደማልጠራው አንድ የደሴ አዳራሽ የገባነው። አምፕሊፋየሩ ሲበራ እምም የሚል ጉርምርምታ መድረኩን ሞላው። የመብራት ኃይል በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ በቤዝ ጊታር ላይ በኢ ክር ሦስተኛ ፍሬት (በአንገቱ ላይ ያለ የብረት መስመር) የሚገኘው ጂ ደግሞ 49 ነው። ስለዚህ ጂ ይዤ በቆየሁ ቁጥር ሁለቱ ድምፆች ይጋጫሉ፤ ድምፁም በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል ያብጥና ይሟሽሻል። ለስላሳ ድምፅ የሚባለው ነገር እዚያው ያከትማል።

ምንጩን በቅደም ተከተል ፈለግሁ። የጊታሩን ድምፅ ሙሉ በሙሉ ዘጋሁ፤ ጉርምርምታው አልጠፋም። የጊታሩን ኬብል ነቀልኩ፤ አሁንም አለ። ከአምፕሊፋየሩ ወደ ሚክሰሩ የሚሄደውን ኬብል ስነቅል በረደ፤ ነገር ግን ዘፋኟ ከንፈሯ ማይክራፎኑን ሲነካ እንደሚነዝራት ነገረችኝ። በቴስተር የመድረኩን ሶኬቶች ስለካ በፌዝ (ኃይሉን በሚያመጣው ሽቦ) እና በኒውትራል (በመመለሻው ሽቦ) መካከል 220 ቮልት አገኘሁ፤ በፌዝና በኧርዝ (ለደኅንነት ከመሬት ጋር በሚያገናኘው) መካከል ግን የዚያ ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ በሶኬቱ ላይ የኧርዝ ብረት ይታያል እንጂ ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ሽቦ የለም። ከኋላ ያለው ሚክሰር ደግሞ ከሌላ መስመር ስለሚመገብ የሁለቱ ዕቃዎች ልዩነት በድምፅ ኬብሉ ውስጥ እያለፈ ጉርምርምታ ሆኖ ይወጣ ነበር።

ይህንን ለአዳራሹ ኃላፊ በአክብሮት አስረዳሁ። «ወንድሜ፣ እዚህ ስንት ስብሰባ ተካሂዷል፤ ጮኸብኝ ያለ ሰው የለም» አሉኝ። እንዴትስ ይጮኽባቸዋል? የንግግር ማይክራፎን በሚክሰሩ ላይ ከ80 ወይም ከ100 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ ይቆረጥበታል፤ ችግሩ እያለ አይሰማም። የላኩልኝ ባለሙያ ደግሞ ሁለት መፍትሔ አቀረበ። አንደኛው «50 ላይ ያለውን በኢኳላይዘር ቁረጠው» የሚል ነው፤ እንዲህ ሲደረግ ግን አጠገቡ ያሉት 41ና 55ም አብረው ስለሚደክሙ ቤዙ አጥንቱ ይወጣል። ሁለተኛው «የአምፕሊፋየሩን ኧርዝ ከመሰኪያው ውስጥ ፍታው» የሚል ነበር። ይህንን ምክር የሚሰጥ ሰው ባለሙያ ሊባል አይገባውም። አምፕሊፋየሩ ውስጥ ፌዝ ከብረቱ ጋር ቢነካካ ኤሌክትሪኩ የሚወጣው በክሩ፣ በእኔ እጅና በዘፋኟ ከንፈር በኩል ነው። ጉርምርምታው ቢያናድድም አይገድልም፤ ይኼኛው ግን ይገድላል።

በራሳችን ወጪ ለመድረኩ ኧርዝ እናስቀብር ብዬ ጠየቅሁ። ማመልከቻ ጻፍ ተባልኩ፣ ጻፍኩ። የሠርጉ ባለቤት ይፈርሙበት ተባለ፣ ፈረሙ። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ አይስተናገድም ተባለ፤ ሠርግ የሚደግስ አባወራ ከየት ማኅተም ያመጣል? በመጨረሻም በሕንፃው ላይ ማንኛውንም ለውጥ ማድረግ ክልክል ነው የሚል መልስ ተሰጠኝ። ይህንኑ በመጀመሪያው ዕለት ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን የሚከተለው ነው። ኃላፊውን ቢሯቸው ስጠብቅ ቴስተሩ ኪሴ ውስጥ ስለነበር ከጠረጴዛቸው ጎን ያለውን ሶኬት ለካሁት፤ በፌዝና በኧርዝ መካከል 220፣ በኒውትራልና በኧርዝ መካከል ዜሮ ገደማ። ለማተሚያ ማሽናቸው የተዘረጋው መስመር እንከን የሌለው ኧርዝ ነበረው፤ ብዙ ሰው የሚቆምበት መድረክ ግን አልነበረውም። ከዚያ መስመር በመስኮት እንድንስብ ስጠይቃቸው «ቢሮዬ የመድረክ ዕቃ ማገናኛ አይደለም» ብለው አሰናበቱኝ። ያንን መልስ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

የረዱን የማታ ቁልፍ የሚይዙት እናት ናቸው። ከሠርጉ በፊት በነበረው ምሽት ኃላፊውን ራሳቸው በስልክ ለምነው ፈቃድ አገኙልንና «ልጄ፣ ሽቦው በመስኮት ይውጣ፤ በሩን እኔ ቆልፌ እጠብቀዋለሁ» አሉኝ። ባለ ሦስት ሽቦ፣ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ውፍረት ያለው ኬብል ዘርግተን አምፕሊፋየሩንም፣ ሚክሰሩንም፣ ኪቦርዱንም ከዚያ አንድ ሶኬት አበላናቸው። ለድምፅ ስፒከሮቹና ለመብራቶቹ የተለየ መስመር ተውንላቸው። ጉርምርምታው ጠፋ፤ ጂም ሳያብጥና ሳይሟሽሽ ራሱን ችሎ ቆመ። በማግሥቱ ትዝታ ስንጀምር ዘፋኟ ከፊቷ ባለው ስፒከር ቤዙ እንዲጨመርላት ምልክት ሰጠች፤ በዚያ አዳራሽ ከዚያ በፊት ሁልጊዜ እንዲቀነስላት ነበር የምትጠይቀው። በዚህ እኮራለሁ።

አዳራሽ ስትከራዩ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ቴስተር ይዛችሁ ግቡ፤ የመድረኩን ሶኬቶች በሙሉ ለኩ፣ ፌዝና ኧርዝ 220 ካላሳዩ አትፈርሙ። ኧርዙ ደህና ሆኖ ጉርምርምታ ካለ ግን በዲአይ ቦክሱ (የጊታሩን ድምፅ ወደ ሚክሰሩ በሚያስተላልፈው ትንሽ ሣጥን) ላይ ያለውን የግራውንድ ማቋረጫ ተጠቀሙ፤ እርሱ የሚያቋርጠው የድምፅ ኬብሉን መሬት ስለሆነ የሰው ሕይወት ላይ አደጋ የለውም። ጃዝ ቤዝ የተባለውን ባለ ሁለት ፒካፕ (የክሩን ርግብግቢት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ መሣሪያ) ጊታር የያዘ ሰው ደግሞ ሁለቱንም እኩል ይክፈት፤ አንዱን ሲቀንሰው እርስ በርስ የሚያጠፉት ጉርምርምታ ይመለስበታል። ያ አዳራሽ በቅርቡ ቀለም ተቀብቶ መጋረጃው ተለውጧል፤ የመድረኩን ሶኬቶች እንደገና ስለካቸው ኧርዝ አልነበራቸውም። እዚያ የምትጫወቱ ሁሉ ከመድረኩ እስከ ቢሮው መስኮት የሚደርስ ባለ ሦስት ሽቦ ኬብል ይዛችሁ ሂዱ፤ የቢሮውን ጉዳይም ከሠርጉ ባለቤት ጋር ሆናችሁ ውል ስትፈርሙ በጽሑፍ አስገቡት።